በሩ በተከፈተ ዕለት፤ የጭነት ፈተና ታሪክ

ድልድይ የሠራ መሐንዲስ ሥራውን ለሕዝብ ከማስረከቡ በፊት ድንጋይና አሸዋ የተጫኑ ከባድ መኪናዎችን በድልድዩ ላይ ያቆምና ወለሉ ስንት ጣት ያህል እንደሚጎብጥ ይለካል። ይህን የሚያደርገው ስሌቱን ስለ ተጠራጠረ አይደለም፤ ስሌቱ የተሠራው በወረቀት ላይ ሲሆን ድልድዩ ግን የቆመው በወንዝ ላይ ስለ ሆነ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው ስለ ሌላ ዓይነት ድልድይ ነው። ዛሬ ብዙ መንግሥታት፤ ዩኒቨርሲቲዎችና አብያተ መጻሕፍት የጥንት መዛግብታቸውን፤ የተማሪዎቻቸውን የምርምር ጽሑፍ፤ ካርታውንና ፎቶግራፉን በዲጂታል መልክ አከማችተው በኢንተርኔት አማካይነት ለሕዝብ አቅርበዋል። ማከማቻውን ይዞ ለጠያቂ ሁሉ መልስ የሚሰጠውን ኮምፒዩተር ባለሙያዎቹ ሰርቨር ይሉታል፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ማለት ነው። ይህ አገልጋይ በመሥሪያ ቤቱ ጓዳ መቀመጡ ቀርቶ ከታላላቅ ኩባንያዎች በኪራይ በተገኘ የሩቅ ኮምፒዩተር ላይ ሲያድር «በደመና ላይ ነው» ይባላል። ስሙ ከሰማይ ይወሰድ እንጂ ነገሩ በምድር ላይ በብረትና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። እንግዲህ አገልጋዩ በአንድ ጊዜ ስንት እንግዳ ሊያስተናግድ እንደሚችል፤ በስንተኛው እንደሚደክምና በስንተኛው እንደሚወድቅ አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ የጭነት ፈተና ይባላል።

ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። አንድ መንግሥት «ይህ መዝገብ ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ነው» ብሎ ባወጀበት ቀን ሕዝቡ መጥቶ በሩን ዝግ ቢያገኘው ዐዋጁ ከወረቀት አያልፍም። የሚከተለው ታሪክ ይህ እንዴት እንደ ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ምን እንደ ተማሩበት የሚያሳይ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ለዋና ዋናዎቹ ቀናት ግን የእኛን አቆጣጠር አክለናል።

የዚህ ዕውቀት መሠረት የተጣለው ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ በፊት ነው። በ1878 የተወለደው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ በ1908 በኮፐንሃገን የቴሌፎን ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ቴሌፎን የሚያገናኙት ሠራተኞች በእጃቸው ገመድ እየሰኩ ስለ ነበረ የኩባንያው ችግር ግልጽ ነበር፤ መስመሩ ቢበዛ ገንዘብ ይባክናል፤ ቢያንስ ደግሞ ደንበኛ እየተቆጣ ይመለሳል። ኤርላንግ ሰዎች ቴሌፎን የሚደውሉበት ጊዜ ምንም እንኳ በነፍስ ወከፍ ሲታይ ሥርዐት የሌለው ቢመስል፤ በጅምላ ሲታይ ግን በሒሳብ ሕግ የሚመራ መሆኑን በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ። በ1917 ደግሞ በተወሰነ ብዛት ባላቸው መስመሮች ላይ ስንቱ ደዋይ እንደሚመለስ፤ ስንቱም ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚያሰሉትን ቀመሮች አወጣ። በ1929 አረፈ፤ ዛሬ የቴሌፎን ጭነት የሚለካበት መስፈሪያ «ኤርላንግ» ተብሎ በስሙ ይጠራል።

ከኤርላንግ ትምህርት የተወለደው የወረፋ ሒሳብ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ስላለው በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለአንዱ ባለጉዳይ በአማካይ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል፤ ባለጉዳዮቹም በቀጠሮ ሳይሆን እንደ ፈቀዳቸው ይመጣሉ። ሠራተኛው ከጊዜው ግማሹን ብቻ ሥራ ላይ ቢሆን የሚመጣው ሰው ተራው እስኪደርስ በአማካይ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ከመቶ ሰማንያውን ጊዜ ሥራ ላይ ቢሆን 4 ደቂቃ፤ ዘጠናውን ቢሆን 9 ደቂቃ፤ ዘጠና አምስቱን ቢሆን 19 ደቂቃ፤ ዘጠና ዘጠኙን ቢሆን 99 ደቂቃ ይጠብቃል። አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ከዘጠና ወደ ዘጠና ዘጠኝ የጨመረው ሥራ ከአንድ ዐሥረኛ አይበልጥም፤ ጥበቃው ግን ዐሥራ አንድ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ትናንት በደኅና ሲያገለግል የዋለ ሠራተኛም ሆነ ኮምፒዩተር ዛሬ ጥቂት እንግዳ ስለ ተጨመረበት ብቻ ድንገት ሲዝለፈለፍ ብናየው አስማት አይደለም። «እስከ ዛሬ ችሎታልና ነገም ይችላል» የሚለው የአለቆች ንግግር በወረፋ ሒሳብ ፊት ዋጋ የለውም።

ይህን ሁሉ ሊቃውንቱ እያወቁት የእንግሊዝ ቤተ መዛግብት የደረሰበት መከራ ለትምህርት የሚበቃ ነው። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ቈጠራ ቅጽ መቶ ዓመት ተዘግቶ ከቈየ በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል። በ1901 በእንግሊዝና በዌልስ የተቈጠረው 32 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ስምና ዕድሜ፤ ሥራና የትውልድ ስፍራ በ1 ሚሊዮን ተኩል ገጽ ያህል ተመዝግቦ ይገኝ ነበር። ቤተ መዛግብቱ ከአንድ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ገጹን ሁሉ በምስል አስነሥቶ ስሙንም ሁሉ አስጽፎ ጥር 2 ቀን 2002 (በእኛ ታኅሣሥ 24 ቀን 1994 ዓ.ም.) በኢንተርኔት ከፈተው። አገልጋዩ የተዘጋጀው በቀን 1 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ እንግዳ እንዲያስተናግድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን ይኸው 1 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። አያቱን የሚፈልገው የለንደን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከአውስትራልያ፤ ከካናዳ፤ ከአሜሪካም ዘሩ ከእንግሊዝ የሆነ ሁሉ በአንድ ቀን በሩን አንኳኳ። በቀናት ውስጥ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ብዙ ጊዜ እየተሞከረና እየታረመ ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ የተመለሰው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። የመንግሥቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤትም ጉዳዩን መርምሮ በ2003 ለፓርላማ ሪፖርት አቅርቦበታል።

በዚህ ታሪክ ከቍጥሩ ይልቅ የሚያሳስበን ከበስተኋላው ያለው ግምት ነው። ቀድሞ በቤተ መዛግብቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ መዝገብ የሚያገላብጠው ሰው የታወቀ ነበረ፤ ታሪክ ጸሓፊው፤ የትውልድ ሐረግ ቈጣሪው፤ ጡረታ የወጣው መምህር። ኢንተርኔት ግን ከአዳራሹ ደርሰው የማያውቁትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። እነዚህን ደግሞ ማንም ቈጥሯቸው አያውቅም።

ስሕተቱ በአንድ አገር ብቻ የቀረ አይደለም። የኤውሮፓ ማኅበር የአባል አገሮችን መጻሕፍት፤ ሥዕሎች፤ ካርታዎችና የሙዚቃ ቅጂዎች በአንድ በር የሚያሳይ ዩሮፒያና የተባለ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቁሞ፤ ኅዳር 20 ቀን 2008 (ኅዳር 11 ቀን 2001 ዓ.ም.) በብሩክሴል በታላቅ ሥነ ሥርዐት መረቀው። በውስጡ 2 ሚሊዮን ያህል ቅርስ ነበር። አዘጋጆቹ በሰዓት 5 ሚሊዮን ጥሪ ቢመጣ እንችላለን ብለው ነበር፤ የመጣው ግን በሰዓት 10 ሚሊዮን ነበረ። በዚያው ቀን የአገልጋዮቹን ቍጥር ከ3 ወደ 6 ቢያሳድጉትም አልሆነም፤ በሩን ዘግተው ሳምንታት ያህል ሲያድሱት ቈዩ። ባለሥልጣኖቹ ይህ የሕዝቡን ፍቅር ያሳያል ብለው ተናግረዋል። ንግግሩ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን በዚያ ቀን መጥቶ የተመለሰው ተማሪ ፍቅሩን ይዞ ወዴት እንደ ሄደ አይታወቅም።

ይህ ሲሆን ሌላ ለውጥ እየመጣ ነበር። አማዞን የተባለው የአሜሪካ የንግድ ኩባንያ በ2006 መጀመሪያ የዕቃ ማስቀመጫውን፤ ቈይቶም የሥራ ኮምፒዩተሩን በሰዓት እየቈጠረ ለማንም ማከራየት ጀመረ። ቀድሞ አንድ መሥሪያ ቤት አገልጋይ ቢያንሰው አዲስ ለመግዛት ጨረታ ማውጣትና ወራት መጠበቅ ነበረበት፤ በደመና ግን በጧት አሥር ተከራይቶ በማታ አምስቱን ሊመልስ ይችላል። ብዙ ሰዎችም «እንግዲህ የጭነት ፈተና ምን ያደርጋል? ሲጠብበን እንጨምራለን» አሉ። ይህ አሳብ ምን ያህል እውነት፤ ምን ያህልም የዋህነት እንደ ነበረ የሚቀጥለው ታሪክ ያሳያል።

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ቈጠራ ቅጽ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። በ1940 የተደረገው ቈጠራ 132 ሚሊዮን ሕዝብ የያዘ ሲሆን፤ ከ3 ሚሊዮን 8 መቶ ሺህ በላይ የዲጂታል ምስል ሁኖ ሚያዝያ 2 ቀን 2012 (መጋቢት 24 ቀን 2004 ዓ.ም.) ሰኞ ከጧቱ በ3 ሰዓት በዋሽንግተን ተከፈተ። በዚያ መዝገብ ስማቸው ከተጻፈው ሰዎች ውስጥ ከ21 ሚሊዮን የሚበልጡት በሕይወት እንደ ነበሩ ይነገራል። ይህን ስናስብ ነገሩ ወደ ልባችን ይቀርባል፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በልጅነቱ ከእናትና ከአባቱ ጋር ተጽፎ የቀረውን ስሙን ለማየት የልጅ ልጁን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን ያስከፍታል።

ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ሥራውን አርካይቭስ ዶት ኮም ለተባለ ኩባንያ ሰጥቶ ነበር፤ ኩባንያውም ምስሉን በአማዞን ደመና ላይ አስቀመጠው። የእንግሊዞቹ ታሪክ ስለ ታወቀ ፈተና ሳይደረግ አልቀረም፤ በቀን 10 ሚሊዮን ጥሪ እንዲችል ተብሎ ተዘጋጅቷል። ነገር ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሰዓታት ውስጥ ብቻ 22 ሚሊዮን ተኩል ጥሪ መጣ። ገጹ ተንቀራፈፈ፤ ለብዙው ሰው ምስሉ አልመጣ አለ። ባለሙያዎቹ የኪራዩን ኀይል እየጨመሩ፤ የተበላሸውን እያረሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነገሩን አስተካከሉት። እንግዲህ ደመናው የእንግሊዞቹን የወራት መከራ በቀናት አሳጥሮታል፤ ይህ ምስጋናው ነው። የመጀመሪያውን ቀን ግን አላዳነም።

ለምን እንዳላዳነ ብንጠይቅ መልሱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛ፤ ተጨማሪ የደመና ኮምፒዩተር ታዝዞ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በቀጠሮ ሰዓት የሚመጣ ሕዝብ ግን በሰከንድ ይሞላል። ሁለተኛ፤ ገጹን የሚያቀርቡትን ኮምፒዩተሮች ማብዛት ይቻላል እንጂ ከኋላ ያለውን አንዱን የመዝገብ ቋት እንዲሁ በቀላሉ ማብዛት አይቻልም፤ አስተናጋጅ ቢበዛ ወጥ ቤቱ አንድ ከሆነ ምሳው አይፈጥንም። ሦስተኛው የሰው ጠባይ ነው። ገጽ የዘገየበት ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ደግሞ ይጫናል፤ እንደ ገና ይጫናል፤ ያ ሁሉ ለአገልጋዩ አዲስ ጥሪ ነው። የፈተና ውጤት በኢንተርኔት በሚወጣበት ምሽት ቤተ ሰቡ በሙሉ በየስልኩ አንዱን ቍጥር ደጋግሞ ሲያስገባ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ሊቅ አያሻውም። በዚህ ላይ የ1940ው መዝገብ በተከፈተበት ቀን የስም ማውጫ አልነበረውም፤ ጠያቂው የቈጠራውን ቀበሌ ቍጥር ፈልጎ ገጹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ነበረበት። እንደሚመስለን አንዱን እንግዳ እንደ ብዙ እንግዳ ያከበደው ይህ ነው። በበጎ ፈቃድ የተሰበሰቡ ሰዎች ያን ሁሉ ሚሊዮን ስም ጽፈው ማውጫውን የጨረሱት ከወራት በኋላ ነው።

ፈተናው በተግባር እንዴት እንደሚደረግ ጥቂት እንበል። ስቴፋኖ ማትሶኪ የተባለ የኢጣልያ ተወላጅ በ1998 ጄሜትር የተባለውን ፕሮግራም ጽፎ በነጻ ለዓለም ሰጠ፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ ይሠራበታል። ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ መቶ የሐሰት እንግዶችን ይፈጥራል፤ አንዱ መነሻ ገጹን ይከፍታል፤ አንዱ ስም ይፈልጋል፤ አንዱ ትልቅ ፋይል ያወርዳል፤ አንዱ ደግሞ ለማሰብ ያህል ጥቂት ዝም ይላል። ፈታኙ በ50 እንግዳ ይጀምርና ወደ 100፤ ወደ 500፤ ወደ ሺህም እያሳደገ መልሱ የሚፈጀውን ጊዜ ይመዘግባል። የሚፈለገው አገልጋዩ እስከ ስንት እንደሚችል ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሲያልፍ እንዴት እንደሚወድቅም ነው፤ ጨዋ አገልጋይ «ጥቂት ቈይተው ይመለሱ» ብሎ ይመልሳል፤ ባለጌው ያለ ቃል ይጠፋል።

በዚህ ሥራ አማካይ የሚባለው ቍጥር ሪፖርት ጸሓፊን የሚያሳስት ወጥመድ ነው። ዘጠና ዘጠኝ ሰው በአንድ ሰከንድ መልስ ቢያገኝና መቶኛው 100 ሰከንድ ቢጠብቅ አማካዩ 2 ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ አለቃውም ደስ ብሎት ይፈርማል። ስለዚህ ጠንቃቃ ፈታኝ አማካዩን ትቶ ከመቶ አምስቱ የመጨረሻዎቹ ምን ያህል እንደ ጠበቁ ይጠይቃል። ደግሞም የሐሰቱ እንግዶች ሁሉ አንዱን ፋይል ደጋግመው ቢጠይቁ ፈተናው ራሱ ሐሰት ይሆናል፤ አገልጋዩ ያን ፋይል በቅርብ ትዝታው ይዞ በቅጽበት ያቀርበዋልና፤ እውነተኛው ሕዝብ ግን እያንዳንዱ የየራሱን አያት ነው የሚፈልገው።

አሜሪካኖቹ ሁለተኛ ዕድል ነበራቸው። የ1950ው ቈጠራ ሚያዝያ 1 ቀን 2022 (መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.) ተከፈተ። ሕዝቡ 151 ሚሊዮን፤ ምስሉም ከ6 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ያረፈውም እንደ ቀድሞው በደመና ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ግን በመክፈቻው ቀን አልወደቀም። ሁለት ነገር ተለውጦ ነበር። በሩ የተከፈተው በሥራ ሰዓት ሳይሆን ልክ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ነው፤ ታሰቦበት ይሁን ልማድ ሁኖ እንጃ፤ ውጤቱ ግን ሕዝቡ በአንድ ደቂቃ ከመጋፋት ይልቅ በሌሊቱና በቀኑ ተከፋፍሎ መምጣቱ ይመስለናል። በተጨማሪም የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ ስሙን ሁሉ አስቀድሞ አንብቦ ማውጫ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው ስሕተት ባያጣውም ሕዝቡ እንዲያርመው ስለ ተፈቀደ ፈላጊው ወደ ገጹ በቀጥታ ለመሄድ ቻለ። አንዳንድ ጊዜ ጭነትን የሚያቀለው ተጨማሪ ኮምፒዩተር ሳይሆን ጥሩ ማውጫ ነው፤ የአብያተ መጻሕፍት ሰዎች ይህን ቢያነቡ እንደማይቀየሙን እናምናለን።

ይህ ሁሉ የታላላቅ መንግሥታት ነገር ነውና እኛን ምን ይመለከተናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በኅዳር ወር 2002 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ ዲስፔስ የተባለውን የማከማቻ ፕሮግራም ሠርተው በነጻ አወጡ። ዋጋ ስለማይጠየቅበት በሀብታሙም በድኻውም አገር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሉት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የተመራቂዎቹን የምርምር ጽሑፎች ለዓለም የሚያሳየው በዚሁ በዲስፔስ ነው። ቀድሞ በአንድ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብስ የነበረው የማስተርስ ጽሑፍ ዛሬ በጎንደርም በቶኪዮም ይነበባል። እንዲህ ያለ ማከማቻ የመክፈቻ ቀን ግርግር አይገጥመውም፤ ጭነቱ ሌላ መልክ አለው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የእነዚህ ማከማቻዎች ብርቱ እንግዳ ሰው መሆኑ ቀርቷል። ሰው ሠራሽ አእምሮ የሚያሠለጥኑ ኩባንያዎች ጽሑፍ የሚለቅሙ ፕሮግራሞችን በኢንተርኔት ላይ አሰማርተዋል። እነዚህ ለቃሚዎች አይተኙም፤ አይሰለቹም፤ ገጹንም በየፈርጁ ይከፍታሉ፤ በደራሲ፤ በዓመት፤ በርዕስ፤ ከዚያም በደራሲና በዓመት፤ በዓመትና በርዕስ እያጣመሩ። ዐሥር ሺህ ጽሑፍ ያለው ማከማቻ በዚህ አኳኋን ሚሊዮን ገጽ ያለው ሁኖ ይታያቸዋል፤ እያንዳንዱም ገጽ ለአገልጋዩ አዲስ ድካም ነው። በ2021 የወጣው ዲስፔስ 7 ደግሞ ገጹን ለለቃሚዎች አንብቦ የሚያሰናዳ ተጨማሪ ክፍል ስላለው ድካሙ ከቀድሞው ይከብዳል። የክፍት ማከማቻዎች ዓለም አቀፍ ኅብረት በ2025 ባወጣው የጥናት ውጤት መልስ ከሰጡት 66 ማከማቻዎች ውስጥ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት በእንዲህ ያሉ ለቃሚዎች እንደሚጠቁ፤ ብዙዎቹም ከዚህ የተነሣ እንደሚንቀራፈፉና እንደሚቋረጡ ገልጸዋል።

መፍትሔው ቀላል አይደለም። በሩን አጥብበን ለቃሚውን ብንከለክል ከእርሱ ጋር ደኅናውን መፈለጊያ፤ አንዳንድ ጊዜም በሩቅ አገር ያለውን ተመራማሪ አብረን እንከለክላለን፤ ማከማቻው የተቋቋመው ደግሞ ክፍት እንዲሆን ነበር። በደመና ላይ ኀይል እየጨመርን ሁሉን እናስተናግድ ብንል የኪራዩን ሒሳብ የሚከፍለው ለቃሚው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ሒሳቡም በዶላር የሚመጣ በመሆኑ ለእንደ እኛ ላለ አገር እጥፍ ድርብ ይከብዳል። ስለዚህ የጭነት ፈተና ዛሬ ሁለት ዓይነት የሐሰት እንግዳ ያስፈልገዋል፤ አንዱ እንደ ሰው የሚያነብ፤ አንዱ እንደ ለቃሚ የሚያግበሰብስ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለቅቆ ሁለተኛው እየጋፋው የመጀመሪያው መልስ ያገኝ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። በእኛ በኩል ፈተናው ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚያዘጋጁበት ወራት ዋዜማ ቢደረግ እንመርጣለን፤ ያን ጊዜ የሚመለሰው እንግዳ ቀነ ገደብ ያለበት ነውና።

በአሜሪካ በ1960 የተደረገው ቈጠራ 72 ዓመቱ የሚሞላው ሚያዝያ 1 ቀን 2032፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 23 ቀን 2024 ዓ.ም. ነው። ዕለቱም ሐሙስ ነው።